ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሲሠራ የከረመ ፕሮጀክት አዳራሽ ውስጥ እንዳይሞትባችሁ

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲው ጊቢ ክፍት ቀን፣ ተማሪዎች ፕሮጀክታቸውን ለጎብኚ የሚያሳዩበት ቀን፣ ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ፕሮጀክታችን ትናንት ማታ ቆንጆ ይሠራ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ አድርገነው እምቢ አለ። ምን እናድርግ?» ይሄ የሚጠየቀው ታዲያ ጎብኚ በር ላይ ቆሞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ብዙም የምረዳው ነገር የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ቀድሜ ልጻፈው ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላብ ውስጥ ፕሮጀክታችሁ የሚሠራው ለ10 ደቂቃ ነው፤ አድቫይዘሩ አይቶ እስኪሄድ። ክፍት ቀን ላይ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይቆማል። የሃይስኩል ልጅ ይነካዋል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ መብራት ይጠፋበታል። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ አለ። እንግዲህ ስትሠሩት 8ኛውን ሰዓት አስባችሁ ሥሩት። አብዛኛው ምሳሌዬ ከኤሌክትሪካል ነው፤ የተማርኩት እሱን ስለሆነ። ሲቪልና ሜካኒካሎችም የሚወስዱት አያጡም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሶልደሪንግ አይረን፣ የብየዳ ቆርቆሮ እና የተበሳ የሰርኪት ሰሌዳ
- መልቲሜትር (የሚጮኸው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው)
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካተር
- ናስትሮ፣ ስኮች፣ የሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ
- ቢያንስ 5 ሜትር ገመድ ያለው ዲቫይደር
- 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ
- ጥቁር ካርቶን፣ ለፀሐይ መከለያ
- ኮዱ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ እሱም ቢሞት ኮዱ ያለበት ፍላሽ
- መጠባበቂያ፦ አንድ ተጨማሪ ቦርድ፣ ዋናው ሴንሰር ሁለት፣ ፊውዝ፣ ሽቦ
- ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ

መጠባበቂያውን እንዳትንቁት። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሴንሰር ሲቃጠል መርካቶ ወርዶ ለመመለስ ቀኑ ያልቃል። ጋቢው ደግሞ ለሁለት ነገር ይሆናል፤ ሲጓጓዝ ፕሮጀክቱን ትጠቀልሉበታላችሁ፣ ጠዋት እናንተ ትለብሱታላችሁ።

1. ከብሬድቦርድ ላይ አውጡት (ከ2 ሳምንት በፊት)

ብሬድቦርድ ሽቦውን የሚይዘው በትንሽ የብረት ምላስ ብቻ ነው። ለመሞከሪያ ነው የተሠራው። ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ኮብልስቶን ስትሻገሩ ከ30 ጃምፐር ሽቦ አንዱ በግማሽ ይወጣል፤ የትኛው እንደወጣ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሰርኪቱን የተበሳው ሰሌዳ ላይ አዛውራችሁ በዩት።

ከበየዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን መስመር በመልቲሜትር ሞክሩ። ሽቦውን በቀስታ እየሳባችሁ ሞክሩት፤ ሲሳብ ድምፁ ከተቋረጠ ብየዳው ቀዝቃዛ ነው (በደንብ አልያዘም)፣ ድገሙት። ሽቦ ከሰሌዳው የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ በማሰሪያ ፕላስቲክ አጥብቁ። ሰው ሽቦውን ሲጎትተው ጉልበቱ ማሰሪያው ላይ ያርፋል፣ ብየዳው አይነካም።

ጊዜ ካጠራችሁና ብሬድቦርዱ ላይ ልትተዉት ከሆነ ቢያንስ ሽቦዎቹን በሆት ግሉ (ቀልጦ በሚጣበቀው ሙጫ) ያዟቸው። ያምራል አልልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ የሚሠራውን ኮድ «የሚሠራው» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡና ከዋዜማው ጀምሮ አትንኩት። ዶርም ውስጥ ማታ 5 ሰዓት ላይ «ትንሽ ላሻሽለው» የሚል አንድ ልጅ አይጠፋም። ላፕቶፑን ቀሙት።

2. ኃይሉን አስተካክሉ

ከማያቸው ብልሽቶች የሚበዛው ከዚህ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

አራት ማዕዘኑን የ9 ቮልት ባትሪ ለሞተር አትጠቀሙ። አቅሙ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ሞተር ሲጎትተው ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። የሠራችሁት ትንሽ መኪና ጠዋት ይሮጣል፣ 4 ሰዓት ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ይቆማል።

ሰርቮ ሞተርን (በታዘዘው ልክ ዞሮ የሚቆመውን) ከአርዱይኖው፣ ማለትም ኮዱ ከሚጫንበት ቦርድ፣ 5 ቮልት ላይ አታብሉት። ትንሿ ሰማያዊ ሰርቮ እንኳ የሆነ ነገር ሲይዛት ከ500 ሚሊ አምፒር በላይ ትጎትታለች፤ የላፕቶፕ ዩኤስቢ የሚሰጠው ግን እዚያው 500 ድረስ ነው። ቮልቴጁ ሲወድቅ ቦርዱ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሳል። እናንተ ኮዱ ተበላሸ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። ለሞተር ለብቻው ኃይል ስጡ፣ የሁለቱን ግራውንድ (የኔጌቲቩን መስመር) ግን አገናኙ። ግራውንዱ ካልተገናኘ ሰርቮው ዝም ይላል ወይም ይንቀጠቀጣል።

ኤል298 የሚባለውን የሞተር ሾፌር የምትጠቀሙ ደግሞ እሱ ራሱ ወደ 2 ቮልት እንደሚበላ እወቁ። 6 ቮልት ስትሰጡት ሞተሩ የሚያገኘው 4 ነው።

አሁን ፓወር ባንክ። መብራት ቢጠፋ ያድናችኋል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚጎተተው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። አንድ አርዱይኖና አንድ ሴንሰር ብቻ ካላችሁ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሊጠፋባችሁ ይችላል። መፍትሔው 47 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ማስገባት ነው። ወደ 100 ሚሊ አምፒር ይጎትታል፣ ፓወር ባንኩም ነቅቶ ይቆያል። ሬዚስተሩ ይሞቃል፤ ፕላስቲክ አታስነኩት።

ባትሪዎቹን ማታ ላብ ውስጥ አትተዉ፣ ወደ ዶርም ውሰዷቸው። የመኪና ዓይነት ባትሪ ሙቀቱ ወደ 0 ሲጠጋ ከአቅሙ 5ኛውን ያህል ያጣል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።

*ጥንቃቄ፦* 18650 የሚባሉትን ሊቲየም ባትሪዎች ከ4.2 ቮልት በላይ አትሙሉ። ሽቦ በቀጥታ አትበይዱባቸው፣ ማስቀመጫ ግዙላቸው። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ከኤግዚቢሽኑ አውጡት። ሌሊት ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ።

3. ሴንሰሩን እዚያው ቦታው ላይ አስተካክሉ

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። መስመር ተከታይ ሮቦት ሠርተን ነበር። ማታ ማታ ዶርም ኮሪደር ላይ እንደ ባቡር ይሄድ ነበር። በክፍት ቀኑ ጠረጴዛችን መስኮት ስር ሆነ፤ እኛም ብርሃን አለው ብለን ደስ አለን። ልክ 4 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ በመስኮቱ ገባችና ሮቦቱ ባለበት መሽከርከር ጀመረ። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ «ሰክሮ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ ሌላ ምን እናደርጋለን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ኢንፍራሬድ ነው፣ ፀሐይ ውስጥ ደግሞ ኢንፍራሬድ ሞልቷል። ስለዚህ፦

- ከአንድ ቀን በፊት አዳራሹ ሄዳችሁ ፀሐይ በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት እንደምትገባ እዩ።
- ከሮቦቱ ሆድ ስር ጥቁር ካርቶን እንደ ቀሚስ ዙሪያውን አድርጉለት።
- ጥቁርና ነጩን የሚለየውን ቁጥር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለኩ። ኮዱ ሲነሳ ራሱ እንዲለካ ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ።
- ለመስመሩ የሚያብለጨልጭ ናስትሮ አትጠቀሙ። ጥቁር ቢሆንም ብርሃን ይመልሳል።

የርቀት መለኪያው አልትራሳውንድ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ ልኮ ሲመለስ ነው የሚለካው፤ ለስላሳና ወፍራም ጨርቅ ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። እኛ አገር ጎብኚው ጋቢ ለብሶ፣ ከመንዝ የመጣ ከሆነም ባና ደርቦ ነው የሚቆመው። ሴንሰሩ ሰውየውን ላያየው ይችላል። ለማሳያ ኮምፔንሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን ያዙና በእሱ አሳዩ። ጎረቤታችሁም ተመሳሳይ ሴንሰር ካለው ፊት ለፊት አትተያዩ፤ የሱ ድምፅ ለእናንተ ይገባል። ሁለቱም 40 ኪሎ ኸርዝ ላይ ናቸው።

ብርዱ ቁጥሩን ያዛባል ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ትንሽ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ 337 ሜትር ይሄዳል። 1 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ልዩነቱ። ታንከር የምትለኩ ከሆነ አስተካክሉት፤ ለመኪና ማቆሚያ ግን ግድ የለም።

የአፈር እርጥበት መለኪያ ያላችሁ፣ ሁለት ጥርስ ያለው ርካሹ በሁለት ሳምንት ይዝጋል። ኃይሉን ሲለካ ብቻ ስጡት። ደረቁንና እርጥቡን ደግሞ በዚያው በምታሳዩት አፈር ለኩ።

በፀሐይ ውኃ የምታፈሉ ልጆች፦ ቴርሞሜትሩ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆሞ ውኃው ቢፈላ ሴንሰሩን አትለውጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ 100 አይደርስም። ይህን ራሱን ፖስተሩ ላይ ጻፉት፤ ጎብኚ የሚወደው ነገር ነው።

እንቁላል መፈልፈያ የሠራችሁ በየዓመቱ አትጠፉም። 37.5 ዲግሪ ለመያዝ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ከላቡ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጎብኚ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አብሩት። ለእያንዳንዱ ጎብኚ በሩን አትክፈቱ። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ጎብኚው 33 ዲግሪ አይቶ «አይሠራም» ብሎ ይሄዳል። የመስታወት መስኮት አውጡለት።

4. ብሉቱዝና ሲም ያላችሁ

ኤችሲ-05 የሚባለው ብሉቱዝ ሲገዛ ስሙም የሚስጥር ቁጥሩም አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ውስጥ አምስት ቡድን ካለ አምስቱም ስልክ ላይ በአንድ ስም ይመጣል። የጎረቤታችሁ ልጅ ስልኩን ሲነካ የእናንተ መኪና ከጠረጴዛ ይወድቃል። ስሙንም ቁጥሩንም ቀድማችሁ ቀይሩ።

ሲም 800 የሚባለውን፣ በሲም ካርድ መልእክት የሚልከውን ሞጁል የምትጠቀሙ፣ መልእክት በሚልክበት ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይጎትታል። ኃይሉ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት መካከል መሆን አለበት። 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አጠገቡ በዩ። ሲሙ ላይ ፒን አጥፉ፣ ሂሳብ ሙሉ። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት የመጡትን መልእክቶች አታጥፏቸው፣ ማስረጃ ይሆኗችኋል።

5. 220 ቮልት ካለበት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ተጠቅማችሁ አምፖል የምታበሩ ብዙ ናችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ 220 ቮልት ካለ የአንድ ሕፃን ጣት በቂ ነው።

- ከቻላችሁ አምፖሉን በ12 ቮልት ለውጡት። ማሳያው ያው ነው፣ አደጋው ግን ይቀራል።
- ካልቻላችሁ ሪሌዩንና መገናኛዎቹን በሙሉ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፣ በካቻቢቴ ብቻ የሚከፈት ይሁን።
- ፊውዝ አስገቡ። ላሜራ አካል ካለው መሬት ሽቦ ይኑረው።
- ስፒናውን ሳትነቅሉ ሳጥኑን አትክፈቱ። «ማብሪያው ጠፍቷል» አይበቃም፤ ማብሪያው የቆረጠው ኒውትራሉን ሊሆን ይችላል።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኩ። 10 አምፒር የሚል ከሆነ የሚችለው በድምሩ 2,200 ዋት ነው። ጎረቤታችሁ 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ሰክቶ ሻይ ሲያፈላ ከእናንተ መፈልፈያ ጋር ተደምሮ ብሬከሩን ይጥለዋል። ሻዩን ካፌ ይጠጣ። የተጠቀለለ ገመድም ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል።

6. የ8 ሰዓት ሙከራ (ከ3 ቀን በፊት)

አብሩትና አታጥፉት። ሙሉ ቀን። በየሰዓቱ ቮልቴጁን ለኩና ጻፉ። በመካከል ሁለቴ ስፒናውን ነቅላችሁ መልሱ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ራሱ መነሳት አለበት። ከዚያ ለፕሮጀክቱ ምንም የማያውቅ የዶርም ጓደኛችሁን ጥሩና «እንደፈለግክ ነካካው» በሉት። እሱ 10 ደቂቃ ውስጥ የሚያገኘውን ብልሽት እናንተ በወር አታገኙትም።

ሲቪሎች፦ የድልድይ ሞዴላችሁን ቢያንስ ሦስት ሠርታችሁ አንዱን እስኪሰበር ጫኑት። በክፍት ቀኑ ከሰበረው ክብደት ከ3 አንድ እጁን ብቻ ጫኑ፤ «ስንት ኪሎ ይችላል?» ሲሏችሁ ደግሞ የተረጋገጠ መልስ አላችሁ። ኮንክሪት ኩብ ካላችሁ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፣ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አቡኩ። 15 ሴንቲ ሜትር ኩብ አንዱ 8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስድስቱን የላብ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አትደርድሩ።

7. ፖስተሩ

መጠኑ ኤ1 ይሁን። ከ2 ሜትር ርቀት መነበብ አለበት። የእኛ ፊደል ቅጥያው ትንሽ ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ፊደል ተለቅ ይበል፤ «ሠ»ና «ሡ» ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ላኩት። በሌላ ፋይል ከላካችሁና የእነሱ ኮምፒውተር ያንን የአማርኛ ፎንት ከሌለው ጽሑፋችሁ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። በዋዜማው ደግሞ ሰልፍ ስለሚኖር ከ4 ቀን በፊት ጨርሱ።

ኮድ ፖስተር ላይ አትለጥፉ። ማንም አያነበውም።

8. ስታስረዱ

«ማይክሮ ኮንትሮለሩ የሴንሰሩን ዳታ ፕሮሰስ አድርጎ» ብላችሁ አትጀምሩ። ከአንጎለላ የመጡ አንድ አባት ጠረጴዛችሁ ጋ ቢቆሙ «አባባ፣ ይሄ ሌሊት በግ ከበረቱ ሲወጣ ስልክዎ ላይ ይደውላል» በሏቸው። ቀጥሎ የሚጠይቁት «መብራት ከሌለስ?» ነው፣ ከዚያ «ዋጋው ስንት ነው?»። የእነዚህን የሁለቱን መልስ በቁጥር ያዙ። ዋጋውን ያወጣችሁት ብር ደምራችሁ ተናገሩ፤ የተቃጠለውን ሴንሰር ሳትጨምሩ።

በፈረቃ ሁኑ። ሁለት ሰው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፦ አንዱ ያስረዳል፣ አንዱ የሕፃናቱን እጅ ያያል።

በመሃል ሲሞትባችሁ ቶሎ የምታዩት

- *ራሱን እያጠፋ ይነሳል፦* ኃይል አነሰው። ሞተሩን ንቀሉና እዩ፤ ከተረጋጋ ችግሩ እሱ ነው።
- *ስክሪኑ በርቶ ጽሑፍ የለውም፦* ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በካቻቢቴ አዙሩ። ብዙ ጊዜ በጉዞ ላይ ዞራ ነው።
- *ቁጥሩ ይዘላል፦* ግራውንዱ ላልቷል።
- *ሴንሰሩ 0 ብቻ ያሳያል፦* ሽቦው ወጥቷል፤ ኮዱን አትክፈቱ።
- *ይሸታል፦* ስፒናውን ንቀሉ። መጀመሪያ ንቀሉ፣ ከዚያ አስቡ።

10 ደቂቃ ውስጥ ካልተነሳ ቪዲዮውን አሳዩ። ቪዲዮ አላችሁ አይደል? ከ8 ሰዓቱ ሙከራ ቀን ላይ 1 ደቂቃ ቅረጹ፣ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።

9. ማታ

ባትሪውን ከሁሉ በፊት ንቀሉ። ሊቲየሞቹን ጫፋቸውን በናስትሮ ሸፍናችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ከተነካኩ ይግላሉ። መፈልፈያው እስኪቀዘቅዝ ጋቢ አትጠቅልሉበት። ዲቫይደሩን ከማን እንደተዋሳችሁ ደግሞ ጠዋት ሳትሰኩት ስሙን በስኮች ለጥፉበት፤ ማታ ላይ ሁሉም ነጭ ነው።